የመስከረም ደብተር ወይስ የሰኔ ሽልማት?

ርዕሰ መምህርት፦ ጋሼ፣ የዘንድሮው የወላጆች ቀን እንዳለፉት አይሆንም። አዲስ አበባ ያሉ የፍኖተ ሰላም ልጆች ብር አዋጥተው ልከውልናል። ዓመቱን ሙሉ ያልቀሩትን ስማቸውን እንጠራለን፤ ከየክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡትንም እንሸልማለን። ቦርሳ፣ ደርዘን ደብተር፣ ለአንደኞቹ ደግሞ ባንክ ሒሳብ ከፍተን ትንሽ ብር እናስቀምጥላቸዋለን።

ጡረተኛው መምህር፦ ብሩ መምጣቱ ጥሩ ነው። አወጣጡ ነው ያልጣመኝ።

ርዕሰ መምህርት፦ ምኑ? እርስዎም እኮ በማስተማር ዘመንዎ ስንቱን ልጅ ሰልፍ ፊት አቁመው አስጨብጭበዋል።

ጡረተኛው መምህር፦ አስጨብጭቤያለሁ። ጭብጨባ ግን ተቆጥሮ ኪስ አይገባም። ብርና ቦርሳ ሲመጣ የልጁ ሐሳብ ወደዚያ ይዞራል። እንደ ፈረንጆቹ በ1973 አሜሪካ ውስጥ ሥዕል የሚወዱ ሕፃናትን ወስደው ለከፊሎቹ «ከሣላችሁ ወርቃማ ማኅተምና ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሸለሟቸውም። ጥቂት ቀን ቆይተው ቀለሙን ዝም ብለው ክፍል ውስጥ ቢያስቀምጡላቸው፣ ሽልማት የተነገራቸው ልጆች ሲሥሉ የዋሉት ምንም ካልተነገራቸው ልጆች በግማሽ ያነሰ ጊዜ ሆኖ ተገኘ።

ርዕሰ መምህርት፦ እነዚያ ሥዕሉን ቀድሞውንም ይወዱት ነበር፤ እርስዎው ብለውታል። የእኔ የ3ኛ ክፍል ልጆች ፊደል አዋህደው ማንበብ ገና አልሆነላቸውም። ንባብ የሚጥመው ከቻሉት በኋላ ነው፤ እስኪችሉት ድረስ ክፍል ውስጥ የሚያቆያቸው ነገር ያስፈልጋል። የሃርቫርዱ ሮላንድ ፍራየር ዳላስ ከተማ ውስጥ ለ2ኛ ክፍል ልጆች ላነበቡት መጽሐፍ ሁሉ 2 ዶላር ከፍሎ የማንበብ ችሎታቸው ጨምሯል።

ጡረተኛው መምህር፦ ያው ሰው ኒው ዮርክና ቺካጎ ላይ ለውጤት ሲከፍልስ? ስትነግሪኝ ጨርሰሽ ንገሪኝ እንጂ።

ርዕሰ መምህርት፦ እሺ፣ እዚያ የፈተና ውጤቱ ንቅንቅ አላለም። ልጁ ብሩን ቢፈልገውም ውጤቱን በምን እንደሚያሻሽለው አያውቅማ! መጽሐፍ ገልጦ መጨረስ ግን ያውቅበታል። መምጣትም ያውቅበታል። መቅረትን ከሁሉ አስቀድሜ የያዝኩት ለዚህ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ወደ መቅረቱ እንመጣለን። በፊት ግን ይህ አገር ያለ ሽልማት ተምሮ እንደማያውቅ አታስመስዪው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ቅኔ የተማረውን ማን ከፈለው? ከየአገሩ በእግሩ መጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ለምኖ፣ ማታ ጎጆው ገብቶ ቅኔ ሲቆጥር ያድራል። ካርድ የለ፣ ደረጃ የለ።

ርዕሰ መምህርት፦ ቁራሹን የሰጠው ማን ነበር?

ጡረተኛው መምህር፦ አገሩ ነዋ።

ርዕሰ መምህርት፦ ለምን ሰጠው? ተማሪ ስለሆነ አይደል? ትምህርቱን ትቶ በዚያው አኩፋዳ ቢዞር «ሠርተህ ብላ» ነበር የሚባለው። ስለዚህ ይከፈለው ነበር ጋሼ፤ ከፋዩ መንደሩ፣ መስፈርቱም መማሩ። ልጅ ዳዊት ሲደግምስ? አባት ጠላ አስጠምቆ፣ በግ አርዶ፣ መምህሩን ጋብዞ ልጁን ያስመርቅ የለም ወይ? ጃንሆይም ለገና አዲስ አበባ ላይ ለተማሪው ሹራብና ብርቱካን ያድሉ ነበር። ነገሩ ትናንት ከውጭ የመጣ አይደለም።

ጡረተኛው መምህር፦ በደንብ ተናገርሽ፣ ዋናውን ግን ዘለልሽው። ቁራሽ የምትሰጠዋ እናት «ቅኔ ስንተኛ ወጣህ?» ብላ አትጠይቅም። ፈጣኑም ዘገምተኛውም እኩል ይቆረስለታል። ዳዊት በስድስት ወርም ይደገም በሦስት ዓመት ድግሱ ያው ነው፤ ያልደገመው የጎረቤት ልጅም አብሮ ይበላል። አንቺ ያሰብሽው ከ60 ልጅ 3 ጠርቶ 57ቱን ማስጨብጨብ ነው።

ርዕሰ መምህርት፦ ያጨበጨበው ይቆጨዋል። ለከርሞ እሱም ይበረታል።

ጡረተኛው መምህር፦ አራተኛ የወጣው ይቆጨዋል። አርባኛ የወጣው አይቆጨውም፤ ለምዶታል። እኔ በጥቅምት አጋማሽ በሰኔ እነማን እንደሚሸለሙ ጽፌ ማስቀመጥ እችል ነበር። የባለሱቁ ልጅ፣ የመምህሩ ልጅ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ልጅ። ማታ መብራት ያለው፣ ሊያጠና ሲቀመጥ «ተነስ ጥጃ መልስ» የማይባል ልጅ። ልጁን ሸለምን እንላለን እንጂ የምንሸልመው ቤቱን ነው።

ርዕሰ መምህርት፦ መምጣትስ? ለመምጣት መብራት አያስፈልግም።

ጡረተኛው መምህር፦ የስም መጥሪያውን መዝገብ አውጪና ቀሪውን በየወሩ ቁጠሪው። ጥቅምትና ኅዳር ወባ ነው፣ በርበሬ ለቀማ ነው፣ አጨዳ ነው። ዓርብ ከሰዓትና ሰኞ ጠዋት የሚጎድሉት ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ናቸው፤ ስንቅ ሊያመጡ ሄደው ነው። ከፍ ከፍ ያሉት ሴቶች ልጆች በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን የሚጠፉት ደግሞ መጸዳጃ ቤታችን ውኃ ስለሌለው ነው፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። አሁን በወባ ሲንቀጠቀጥ የሰነበተው ልጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ትንኝ ያልነደፈው ጓደኛው ሲሸለም ምን ይማራል?

ርዕሰ መምህርት፦ ይህ እንኳ ልክ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ገና ነኝ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ15 ሺህ በላይ ተማሪዎች ላይ ሞክረውታል። ካለፉት ወራት በአንዱ ምንም ሳይቀሩ ለመጡት በደብዳቤ የምስክር ወረቀት ላኩላቸው። በሚቀጥለው ወር እነዚያው ልጆች ካልተሸለሙት ይልቅ ቀሩ። «ከሚጠበቅብኝ በላይ ሠርቻለሁ ማለት ነው» ብለው ሳይሆን አይቀርም።

ርዕሰ መምህርት፦ እዚያ የሰጡት ሳይነገር በድንገት የመጣ ወረቀት ነው። ወረቀት የአንድን ገበሬ ቤት ሒሳብ አይለውጥም። እኔ የማስበው ሌላ ነው። «አንድም ቀን ያልቀረ» የሚለውን እተወዋለሁ፤ ከመቶ ሰማንያ ቀን የመጣ ሁሉ ይሸለም፣ ስንት ልጅ ቢሆን። በሕክምና ወረቀት የቀረ እንደመጣ ይቆጠር። ባንግላዴሽ እንደ ፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ ለገጠር ሴት ተማሪዎች ስትከፍል ያስቀመጠችው መስፈርት ከመቶ 75 ቀን መምጣት፣ በፈተና ከመቶ 45 ማግኘትና አለማግባት ነበር። አንደኛ መውጣት የሚል የለበትም።

ጡረተኛው መምህር፦ ባንግላዴሽ ሩቅ ነው።

ርዕሰ መምህርት፦ ሞሰቦ ሩቅ ነው? ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ያን ጊዜ ምዕራብ ጎጃም በሚባለው ውስጥ። በእኛ አቆጣጠር ከ1996 እስከ 1998 «ብርሃነ ሄዋን» የሚባል ፕሮግራም የክልሉ ወጣቶችና ስፖርት ቢሮና ፖፑሌሽን ካውንስል የሚባለው ድርጅት ጀምረው ነበር። ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክርቢቶ ይሰጣል፤ ትምህርት ቤት ላልገቡት መሠረተ ትምህርት አለ፤ አንዲት ትልቅ ሴት በቡድን ትከታተላቸዋለች፤ ከመንደሩም ጋር ውይይት አለ። ሁለቱን ዓመት ሳያገቡ ከዘለቁ ለልጅቷና ለቤተሰቧ በግ ይሰጣል። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የማግባት ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰው መንደር ልጆች ጋር ሲተያይ ወደ አንድ አሥረኛ ወርዶ ተገኘ። ትምህርት ቤት የመገኘታቸው ዕድል ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆነ። በአንድ በግ!

ጡረተኛው መምህር፦ በአንድ በግ አትበይ። በደብተሩም፣ በሴትዮዋም፣ በውይይቱም ነው። የቱ እንደሠራ በዚያ ጥናት አይለይም። ደግሞ ታላላቆቹን ዘለልሻቸው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ያሉት በመጨረሻው ላይ ሲጠየቁ ከሌላው መንደር ልጆች ይልቅ አግብተው ነው የተገኙት። እንግዲህ ለእነሱ ሠርጉ ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ሽልማት ያለበት ነገር እንዲህ ነው፤ የተባለው ቀን ሲሞላ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ርዕሰ መምህርት፦ አሥራ አራት ዓመት ላይ ማግባትና አሥራ ሰባት ላይ ማግባት ለእርስዎ አንድ ነው? በመካከሉ ያሉት ሦስት ዓመታት ለአንዲት ልጅ ማንበብ መቻልና አለመቻል ናቸው። ከወሊድ በሕይወት መነሳትም አለበት። ተራዘመ ብለው እንደ ኪሳራ አይቁጠሩት።

ገበሬው፦ መምህር፣ እኔም ከተፈቀደልኝ አንድ ነገር ልናገር። የወላጅ ኅብረት አባል ተብዬ ነው የተቀመጥኩት።

ጡረተኛው መምህር፦ ተናገር እንጂ ልጄ። አንተ ድሮም ክፍል ውስጥ እጅህን ሳታወጣ ነበር የምትመልሰው።

ገበሬው፦ በጉ ለቤተሰቡ ነው የተሰጠው አሉ። እንግዲያ የሰጡት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። እዚህ ስሰማ «ልጁ ቀረ፣ ልጁ መጣ» ትላላችሁ። ልጁ መቼ ይቀራል? የሚያስቀረው አባቱ ነው። እኔ ነኝ። ሴቷ ልጄ ዓምና ሁለተኛ ወጥታ መዝገበ ቃላት ተሸለመች፤ እናቷ እልል አለች፤ እኔም ደስ አለኝ። ታላቅ ወንድሟ ግን በዚያው ዓመት ከ5ኛ ክፍል ወጣ። ሁለቱንም ብልክ ከብቱን ማን ይጠብቃል? ከብት ሰው ማሳ ከገባ ካሣ ነው፣ ጠብ ነው። እሱ እየቀረ ነው እሷ ያልቀረችው። የሷን መዝገበ ቃላት የገዛው እሱ ነው፤ ሰልፉ ላይ ግን ስሙን የጠራው የለም።

ጡረተኛው መምህር፦ ሰማሽ? ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ላይ ይኸው ታይቷል። ከአንድ ቤት አንዱ ልጅ እንዲማር ሲከፈለው ያልተከፈለው ወንድሙ ወይም እኅቱ ከትምህርት እየራቀ ወደ ሥራ ሄደ። በተለይ እኅትየው።

ርዕሰ መምህርት፦ እንግዲያው ሽልማቱ በቤት ይሁን። ከቤቱ ለትምህርት የደረሱት ልጆች ሁሉ ሲመጡ ለቤተሰቡ ይሰጥ።

ገበሬው፦ ስንት ሊሰጡ ነው? እረኛ ልቅጠር ብል ለዓመቱ እህልና ልብስ ይጠይቀኛል። ልጁ ትንሽ ጠንከር ሲል ደግሞ ሁመራና መተማ ሰሊጥ አጨዳ አለ፤ ቡሬ ላይ ፓርክና ዘይት ፋብሪካ መጥቷል፣ የቀን ሥራ አለ። ከዚያ ጋር በቦርሳ አትወዳደሩም። እኔም የልጄን ጉልበት ግዙኝ አላልኩም።

ርዕሰ መምህርት፦ ታዲያ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?

ገበሬው፦ ጊዜውን እዩት። ትምህርት የሚከፈተው በመስከረም ነው። በመስከረም የእኔ ጎተራ ባዶ ነው፤ በቆሎው ገና ማሳ ላይ ነው፣ ጤፉም አልደረሰም። ያኔ ለሦስት ልጅ ደብተር፣ እስክርቢቶ፣ ዩኒፎርም ግዛ እባላለሁ። አንዱን ልኬ ሁለቱን «ለከርሞ» የምለው ያን ጊዜ ነው፤ ለከርሞ የተባለው ደግሞ አይመለስም። የእናንተ ሽልማት የሚመጣው በሰኔ ነው። በሰኔ ደብተሩ ክረምቱን ሙሉ ጭስ ይጠጣል፤ ብሩ ከሆነም ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል። አዲስ አበባ ደብተርም ዩኒፎርምም ምሳም በነጻ ነው ሲባል እሰማለሁ። የእኛ ልጅ ግን እንዲሸለም ይባላል።

ጡረተኛው መምህር፦ ይህን ያህል ጊዜ ስንከራከር አንዳችንም ወሩን አላነሳነውም።

ርዕሰ መምህርት፦ እኔ እንዲያውም የሚደግፋቸው ነገር አውቃለሁ። ከሞሰቦ በኋላ ያው ፖፑሌሽን ካውንስል በክልላችን ነገሮቹን ለያይቶ ሞክሮ ነበር፤ ለአንዱ አካባቢ ውይይት ብቻ፣ ለሌላው የትምህርት መሣሪያ ብቻ፣ ለሌላው በዓመት ሁለት ዶሮ፣ ለሌላው ሁሉንም። ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት ደብተርና እስክርቢቶው ብቻውን የማግባት ዕድላቸውን ከመቶ 94 ቀነሰው። ዶሮዋ የሠራችው ለታላላቆቹ ነው። ከ15 እስከ 17 ያሉት፣ ሳታገቡ ትምህርት ላይ ከቆያችሁ በየዓመቱ ሁለት ዶሮ ተብለው፣ የማግባት ዕድላቸው በግማሽ ወረደ።

ጡረተኛው መምህር፦ እንግዲህ ተስማማን። ደብተሩን በመስከረም ለሁሉም ስጪ፤ ሽልማት የሚባለውን ተይው።

ርዕሰ መምህርት፦ አልተስማማንም። ዶሮዋን ረሷት እኮ! ለታላላቆቹ ደብተር አልበቃም፤ የተስፋ ነገር ያስፈልጋል። ደግሞ የውጤቱን ነገር አልጨረስንም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ግማሽ ያመጣው በ2014 ከመቶ 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 ነው፤ በ2017 ተሻሻለ ተብሎ 8.4 ነው። ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ልጅ በሚወድቅበት አገር የበረታውን ልጅ «ከሌላው አትለይም» ልበለው?

ጡረተኛው መምህር፦ ከወደቁት ስንቶቹ በየትምህርት ቤታቸው ሲሸለሙ ኖረዋል? ካርዱ ላይ 92፣ 95። ያንን ውጤት የሰጠነው እኛ ነን። ውጤት ላይ ብር ስታንጠለጥይ ደግሞ እርማቱም ይጎብጣል። ወላጅ ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል፣ «አንድ ማርክ ምን አላት?» ይባላል። ኩረጃውን ተይው። መዝገቡም እንደዚያው ነው፤ ለትምህርት ቤት የሚመጣው ድጎማ በተማሪ ቁጥር ነው፣ የሌለ ልጅ «አለ» ተብሎ ሲጻፍ አይተናል። መምጣት ሲሸለም የስም ጠሪው እስክርቢቶ ለስላሳ ይሆናል።

ርዕሰ መምህርት፦ ለውጤቱ እንኳ መፍትሔ አለው፤ ከውጭ የሚመጣ ፈተና ላይ ብቻ መሸለም። ኬንያ ውስጥ ቡሲያ ላይ የ6ኛ ክፍል ሴቶች በአውራጃ ፈተና ጥሩ ካመጡ የትምህርት ወጪያቸው እንዲከፈል ተደረገ። የእነሱ ውጤት ጨመረ። የገረመኝ ሌላው ነው፤ የማሸነፍ ተስፋ ያልነበራቸው ልጆችም ተሻሻሉ፣ መምህራኑም መቅረት ቀነሱ። ጋሼ፣ ስለ ተማሪ መቅረት ይህን ያህል አወራን፤ ስለ እኛ መቅረት ግን አንድ ቃል አላወጣንም።

ገበሬው፦ እሱንስ እኔም ፈርቼ ነው የተውኩት።

ጡረተኛው መምህር፦ ቡሲያ ላይ ሠራ፤ አጠገቡ ያለው ቴሶ ላይ ግን የረባ ውጤት አልታየም። ማኅበረሰቡ አላመነበትም። ቢሆንም ይሁን፣ ለ8ኛ ክፍል የክልል ፈተና እሺ ልበልሽ። ለ2ኛ ክፍል ልጅ ግን ደረጃ ምን ያደርግለታል?

ርዕሰ መምህርት፦ ለትንንሾቹ ከአንደኛው መንፈቅ ዓመት ወደ ሁለተኛው የተሻሻለውን እሸልማለሁ። አርባኛ የወጣውም ዕድል አለው።

ጡረተኛው መምህር፦ በመጀመሪያው ዓመት ይሠራልሻል። በሁለተኛው ዓመት ብልጦቹ በመስከረም ሆን ብለው ይወድቁልሻል።

ገበሬው፦ እኔ ደግሞ ሌላ ልጠይቅ። የእኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ልጄ እዚህ ከተማ ዘመድ ቤት ተጠግታ የምትማረው ለዚያ ነው። በክልላችን የተነሳው ጦርነት ከ2015 ክረምት ጀምሮ ስንቱን በር አዘጋ? በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ልጅ ከትምህርት ውጪ ነው ሲባል በሬዲዮ ሰምቻለሁ። እነዚያ ልጆች ቀሩ ነው የሚባለው፣ ወይስ ትምህርት ቤቱ ነው የቀረባቸው?

ጡረተኛው መምህር፦ የእኔም ትልቁ መቃወሚያ ይኸው ነው። መቅረትን በሽልማት የምናክመው ጥፋቱ የልጁ ሲመስለን ነው። መንገዱ ሲዘጋ፣ መምህሩ ሲሰደድ፣ ክሊኒኩ መድኃኒት ሲያጣ ሰልፍ ላይ ቦርሳ ማደል ጣታችንን ወደ ሕፃን መጠቆም ነው።

ርዕሰ መምህርት፦ እኔ ግን ከዚሁ ተነስቼ ሌላ ቦታ ነው የምደርሰው። መንገድ ተዘግቶ፣ ጥይት እየሰማች፣ ዘመድ ቤት ጥግ ላይ ተኝታ የመጣች ልጅ አለች። መንግሥትን መሸለም አልችልም፣ መንገድ መክፈት አልችልም፤ የተላከልኝ ብር ያችን ልጅ «አይቼሻለሁ» ለማለት ይበቃል። ፍትሕ እስኪመጣ ይህንንም ልከልክላት?

ጡረተኛው መምህር፦ አትከልክያት። ጥሪያት፣ እጇን ጨብጪያት። ዋጋ ግን አትለጥፊባት።

ርዕሰ መምህርት፦ እንግዲህ የምጽፈው ይህን ነው። አብዛኛው ብር በመስከረም ደብተርና እስክርቢቶ ይሆናል፤ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ለተመዘገበ ሁሉ፣ ከአንድ ቤት ስንት ልጅ ቢመጣ። ለ7ኛና 8ኛ ክፍል ሴቶች ከመቶ ሰማንያ ቀን ከመጡ በሰኔ ለቤተሰባቸው ሁለት ሁለት ዶሮ። ለደረጃ ደግሞ በክልሉ ፈተና ብልጫ ላመጡት ለ8ኛ ክፍል ልጆች ብቻ ትንሽ ብር አስቀምጣለሁ።

ጡረተኛው መምህር፦ የመጨረሻውን ስትጽፊ የእኔን ስም ከስምምነቱ አውጪው።

ርዕሰ መምህርት፦ «አንድ ሰው ተቃውሟል» ብዬ በቃለ ጉባኤው አሰፍረዋለሁ። አልሰርዘውም ግን።

ገበሬው፦ ደብተሩ በመስከረም ከመጣ ትልቁን ልጄን 5ኛ ክፍል መልሼ አስመዘግበዋለሁ። ከብቱን ከጎረቤት ጋር በተራ እንጠብቃለን። ለከርሞስ ይመጣል?

ርዕሰ መምህርት፦ እሱን ገና አላወቅኩም። የተላከው የዘንድሮ ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ እንግዲያ ዛሬውኑ ለላኩት ሰዎች ጻፊላቸው። ቢያንስ ይህ ልጅ 8ኛ ክፍልን እስኪጨርስ አራት ዓመት እንዲያዋጡ ጠይቂያቸው። ለአንድ ዓመት ብቻ ከሆነ ግን ለወላጆቹ ቃል አትግቢ።